ውዳሴ ዘወትዋቾች

በአገራችን ልማድ ደጅ ጥናት ጫማ የሚጨርስ፣ ወገብ የሚያጎብጥ፣ ዕድሜም የሚበላ ሥራ ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ኩታውን አደግድጎ ከሹሙ አጥር ሥር ይቆማል፤ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲመለሱም እጅ ይነሣል፣ ዘንድሮ ያልተሰማለትን አቤቱታ ለከርሞ ያሳድራል። እኔ ግን ዋሽንግተን ዲሲ መሐል ከተማ ባለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ብዙ የአገሬ ልጆች እንደሚያደርጉት ቁልፍ እየተቀበልሁና ትኬት እየቆረጥሁ ስኖር፣ ይህ የአባቶቻችን ሙያ የደረሰበትን ማዕረግ በዓይኔ ለማየት በቅቻለሁ። የዛሬው ደጅ ጠኚ ወትዋች ይባላል፤ ፈረንጆቹ ሎቢስት ይሉታል። አመጣጡ በሚያብረቀርቅ መኪና ነው፤ ሹሙን ከአጥር ውጭ ቆሞ አይጠብቀውም፣ ከማዕዱ አጠገብ ይቀመጣል እንጂ፤ ጉዳዩ ተሰማም አልተሰማም ደመወዙ አይቋረጥም።

ከወትዋቾች ሁሉ መርጬ ላወድሳቸው የተነሣሁት የገመድ አልባ ስልክ ኩባንያዎችን ጉዳይ ይዘው የሚቆሙትን ነው። ማኅበራቸው ሲቲአይኤ ይባላል፤ የተመሠረተው በ1984 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይያዝልኝ)፣ ጽሕፈት ቤቱም እዚሁ ከተማ 16ኛው ጎዳና ላይ ይገኛል። የእነዚህ ሰዎች ቁንጮ በጎነት ፈቃደኝነት ነው። የስልክ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አንድን ነገር በደንብ ላስገድዳችሁ ባለ ቁጥር መጀመሪያ አይቻልም ይላሉ፣ ቀጥለው አያስፈልግም ይላሉ፣ ደንቡ ሊጸድቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ደግሞ ልባቸው ይራራና በገዛ ፈቃዳችን እናደርገዋለን ይላሉ። ፈቃዳቸው ረቂቅ ደንብ ካልሸተተው የማይነቃ እንቅልፋም ፈቃድ ቢሆንም፣ ሲነቃ ግን መግለጫው ያማረ መሆኑን ማንም አይክድም።

ለምሳሌ ቁጥርን ሳይቀይሩ ኩባንያ መቀየርን እንውሰድ። ኮሚሽኑ ይህን ያዘዘው በ1996 ሲሆን የመጀመሪያው ቀነ ገደብ የ1999 አጋማሽ ነበር። ቀነ ገደቡ ወደ 2002፣ ከዚያም ወደ ኖቬምበር 2003 ሲንከባለል ቆይቶ፣ ማኅበሩም ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር ሆኖ ግዴታውን ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶት፣ በ2003 ከተረታ በኋላ ነው ሕዝቡ የገዛ ቁጥሩን ይዞ ለመሄድ የበቃው። ይህን መዘግየት ክፉ ሰዎች ደንበኛን አስሮ መያዝ ነው ሲሉት ሰምቻለሁ። እኔ ግን በእነዚያ ዓመታት ኩባንያ የቀየረ ወገኔ ሁሉ አዲስ ቁጥሩን ለማስታወቅ ለዕድሩ፣ ለጽዋ ማኅበሩ፣ ለክርስትና ልጁ እናትና ለሦስት ዓመት ላልደወለለት አጎቱ ሳይቀር መደወል ነበረበትና፣ ዝምድናችንን በማጥበቅ ረገድ ኩባንያዎቹ የዋሉልንን ውለታ አልረሳም። ግዴታው ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ሲቀረውም ማኅበሩ በገዛ ፈቃዱ የደንበኞች አያያዝ ደንብ አወጣ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የባትሪውን ነገር ነው። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለችው ማዕበል ኒው ኦርሊንስንና አካባቢዋን ስታጥለቀልቅ ስልክ የተቋረጠው ውኃና ነፋስ ማማዎቹን ስለመታ ብቻ አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ አብረው የጠፉ ብዙ ነበሩ። ኮሚሽኑ ጉዳዩን የሚያጠና ቡድን አቋቁሞ በ2007 አንድ ደንብ አወጣ፦ እያንዳንዱ የስልክ ማማ መብራት ቢሄድ ለ8 ሰዓት፣ ዋና ዋናዎቹ የማዞሪያ ጣቢያዎች ደግሞ ለ24 ሰዓት የሚያቆያቸው መጠባበቂያ ኃይል ይኑራቸው አለ። ስምንት ሰዓት አዲስ አበባ ላደገ ሰው መብራት ሄዶ በሻማና በትዕግሥት የሚያልፍ አንድ ምሽት ነው። ለኩባንያዎቹ ግን የሚቻል አልሆነም፤ ጣሪያው ክብደቱን አይሸከምም፣ የቦታው አከራይ አይፈቅድም፣ የከተማው ደንብ ይከለክላል፣ ደግሞስ ኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ ሥልጣኑን ከየት አመጣው የሚል ክርክር ተነሣ። ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ፍርድ ቤቱም በ2008 ደንቡን አገደው።

የነገሩ ፍጻሜ ደግሞ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሁሉ ማስተማሪያ ሊሆን የሚገባው ነው። ደንቡ ኩባንያዎቹ የትኛው ማማ ላይ ምን እንዳለ በጽሑፍ ሪፖርት እንዲያደርጉ ይጠይቅ ስለነበር፣ መንግሥት በሕዝብ ላይ የወረቀት ሸክም እንዳያበዛ የወጣ አንድ ሕግ አለና በዚያ ሕግ መሠረት የፕሬዚዳንቱ የበጀት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። መሥሪያ ቤቱ በኖቬምበር 2008 ኮሚሽኑ የወረቀቱን አስፈላጊነት አላስረዳም ብሎ ውድቅ አደረገው። እንግዲህ ለሰው ሕይወት ታስቦ የነበረው ባትሪ ማማው ላይ ሳይወጣ በወረቀት ተሸነፈ ማለት ነው። የእኛ አገር ጸሐፊ ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ ሲለን ክፋት መስሎን እንማረር ነበር፤ ለካ ባለሙያ አልገጠመንም።

በጁን 2012 መጨረሻ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያን የመታው ብርቱ የነፋስ ዝናብ መብራታችንን ለቀናት ባጠፋው ጊዜ፣ እኔ ከምኖርበት ሕንጻ ሥር ጎረቤቶቼ ሁሉ ሞተር አስነሥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የኤል ሳልቫዶሩ አናጢ፣ የጎንደሯ ሞግዚት፣ ጡረታ የወጡት አሜሪካዊት መምህርት፣ ሁሉም ስልካቸውን ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ሰክተው እየጠበቁ ነው። ጧት ላይ የሁላችንም ስልክ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ያልሞላው ማማው ነው። ማያ ገጹ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልነበረችም፤ ሞግዚቷም ስልኳን በመኪናው መስኮት አውጥታ፣ ጸበል እንደሚቀበል ሰው ከፍ አድርጋ ይዛ ለብዙ ጊዜ ቆየች። በዚያው ሰሞን በሰሜን ቨርጂኒያ ወደ አስቸኳይ ጥሪው ቁጥር ወደ 911 የሚደውሉ ሰዎች ጥሪ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ኮሚሽኑ በኋላ ሲመረምር ከምክንያቶቹ አንዱ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር አለመነሣት ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ሳንዲ የተባለችው ማዕበል መጣች፤ በመታቻቸው አሥር ግዛቶች ውስጥ በጉዳቱ ቀጣና ካሉት ማማዎች 25 በመቶ ያህሉ ሥራ አቆሙ። ኮሚሽኑም በ2013 ባትሪ ማዘዙን ትቶ አንድ ትሑት ሐሳብ አቀረበ፦ አደጋ በደረሰ ጊዜ የእያንዳንዱ ኩባንያ ማማዎች ስንት በመቶው እየሠሩ እንደሆነ ለሕዝብ ይታወቅ፣ ደንበኛውም አይቶ ይምረጥ። ኢንዱስትሪው ግን ቁጥሩ ደንበኛውን ያሳስተዋል ሲል ተቃወመ። ይህን የሚነቅፍ ሰው የአገሩን ወግ የረሳ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ ባለቤቱ ምግብ መቅመሱ ይረጋገጣል። ኩባንያዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የማማዎቻችንን መሞት በድንገት እንዳንሰማ በማለት ሸሸጉልን።

በ2016 በምትኩ በገዛ ፈቃዳቸው አንድ የትብብር ማዕቀፍ አቀረቡ። በአደጋ ጊዜ የአንዱ ደንበኛ በሌላው መስመር እንዲጠቀም፣ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ እንዲረዳዱ፣ ከከተሞች ጋር አስቀድመው እንዲዘጋጁ፣ ሕዝቡም እንዲነቃና እንዲያውቅ የሚሉ አምስት ቃል ኪዳኖች ነበሩበት። ስለ ባትሪ ሰዓት አንድም ቃል የለበትም። ለሕዝብ ይገለጥ በተባለው ቁጥር ምትክም የሁሉም ተደምሮ አንድ ላይ ይነገር ተባለ፤ የማን ማማ እንደወደቀ ማወቅ የፈለገ ሰው ከድምሩ ውስጥ ለይቶ ማውጣት ይችላል፣ ነቢይ ከሆነ። ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2016 ማዕቀፉን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ። ዘጠኝ ወር ቆይቶ ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ ከደሴቲቱ ማማዎች ከ95 በመቶ በላይ ዝም አሉ። እርግጥ እንዲህ ያለውን ማዕበል ባትሪ ብቻውን አይመልሰውም፤ ማማ ሲገነደስና ገመድ ሲበጠስ ባትሪ ምን ያደርጋል? በኦክቶበር 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሪን ወረዳ ከማማዎቹ 57 በመቶው ሲጠፉ ግን ብዙ የተገነደሰ ነገር አልነበረም፤ የመብራት ኩባንያው እሳት እንዳይነሣ ብሎ ኃይል አቋርጦ ነበር እንጂ። ካሊፎርኒያ በ2020 እሳት በሚያሰጋቸው አካባቢዎች ማማዎች የ72 ሰዓት መጠባበቂያ እንዲኖራቸው ስታዝ፣ ኢንዱስትሪው አንድ ግዛት ይህን የማዘዝ ሥልጣን የላትም ብሎ ተከራከረ። ፌዴራሉ ሲያዝ ሥልጣን የለውም፣ ግዛቲቱ ስታዝ ሥልጣን የላትም፤ ሥልጣን ያለው ፈቃደኝነት ብቻ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ2022 ደግሞ ኮሚሽኑ ያንኑ የፈቃደኝነት ማዕቀፍ አስገዳጅ አደረገው። ፈቃዱ ስድስት ዓመት ቆይቶ በአዋጅ ጸና፤ የባትሪው ሰዓት ግን አሁንም አልተጠቀሰም።

ለፍትሕ ያህል ልናገር፤ ፈቃደኝነታቸው ፍሬ ያፈራበት ጊዜም አለ። በ2010 ኮሚሽኑ ባስጠናው ጥናት ከስድስት አሜሪካውያን አንዱ፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ያልጠበቀው የስልክ ሒሳብ መጥቶበት ደንግጧል። ኮሚሽኑ ማስጠንቀቂያ መላክን ግዴታ ላድርገው ብሎ ረቂቁን ባወጣ በዓመቱ፣ በኦክቶበር 2011፣ ኩባንያዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው መልእክት እንልካለን ብለው ፈረሙ፤ መልእክቱም ይመጣል። በትሩ በር ላይ ቆሞ ሲታይ ልጅ በገዛ ፈቃዱ እንደሚታጠበው ማለት ነው።

ስልክ መቆለፍ፣ ማለትም ስልኩ የሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይቀበል ማሰር፣ ግን የተለየ ምዕራፍ ነው፤ ይህኛው አዲስ አበባ ድረስ ስለደረሰ ባልፈው ይቆጨኛል። አሜሪካ ውስጥ አዲስ የተገዛን ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ከቁልፉ ማስለቀቅ ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ ሕገ ወጥ ሆኖ ነበር። የወሰነው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መሆኑን ስነግራቸው የሚያምኑኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የቅጂ መብት ሕጉ እንዲህ ያለውን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የሰጠው ለእርሱ ስለሆነ ነው። ማኅበሩ ቀድሞ የነበረው የማስለቀቅ ፈቃድ እንዳይታደስ ተከራክሯል። ከ114,000 በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ ፊርማ አስገቡ፤ በዲሴምበር 2013 ማኅበሩ እንደ ልማዱ በገዛ ፈቃዱ የቁልፍ አከፋፈት መርሆዎችን አወጣ፤ በኦገስት 2014 ደግሞ ሕግ ወጥቶ ማስለቀቅ ተፈቀደ።

በዚህ መሐል እኔ ከፍዬ የጨረስሁትን ስልክ ለእኅቴ ልጅ ለጥምቀት ይደርሳል ብዬ በሰው ሻንጣ ልኬለት ነበር። ልጁ ሲሙን ሲያስገባበት ስልኩ አላውቅህም አለው። መርካቶ ወደ አንድ ጥገና ሱቅ ይዞት ሄደ፤ ባለ ማጉያ መነጽሩ ወጣት ስልኩን አገላብጦ አየና «ሎክ ነው፤ አጎትህ ከፍሎ አልጨረሰም እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ጠየቀው። ከዚያ ስልኩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ «አሜሪካ፣ ኮድ የሚጠብቅ» ብሎ ጻፈበትና መሳቢያውን ከፈተ። ልጁ እንደነገረኝ መሳቢያው ውስጥ ተመሳሳይ ፕላስተር የለጠፉ ስልኮች እንደ ሰርዲን ተደርድረው ነበር። ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ኮዱም መጣ። ኩባንያዬ (ስሙን አላነሣም) ፈቃዱን የነፈገኝ ለእኔው ደኅንነት እንደሆነ በስልክ አስረድቶኛልና ምስጋናዬ ይድረሰው፤ የመርካቶው ወጣት ከዚያ መሳቢያ ቤተሰብ ማስተዳደሩንም በኢንዱስትሪው የሥራ ዕድል ፈጠራ ውስጥ ቢቆጥሩለት ደስ ይለኛል።

የመናገር ነጻነትን በተመለከተም ትጋታቸው ያስደምማል። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ በ2015 ስልክ ሻጮች ለገዢው አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዲሰጡ ደነገገች። ወረቀቷ ስልክ ያሳምማል አላለችም፤ ስልክን እንደበራ በኪስ ወይም በጡት መያዣ ውስጥ መያዝ ከፌዴራሉ የሬዲዮ ሞገድ መመሪያ ሊያልፍ ስለሚችል የስልኩን መመሪያ አንብቡ ነው የምትለው። ማኅበሩ ይህ ያላመንንበትን ማናገር ነው፣ የሕገ መንግሥት ነጻነታችንን ይጥሳል ብሎ ከሰሰ። በስልኩ መመሪያ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ያለ ነገር በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ነጻነት መጣሱን እኔ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017ና በ2019 ለከተማዋ ቢፈርድም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ነገሩን አላይም ቢል፣ በ2020 ኮሚሽኑ ራሱ ወረቀቷ ከፌዴራል ፖሊሲ ጋር ትጋጫለች የሚል ሐሳብ ለዳኛው አቀረበና ብጣሽዋ ወረቀት በዚያው ቀረች።

በዚያን ጊዜ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር አጂት ፓይ ነበሩ። እዚህ ላይ ወደ መኪና ማቆሚያዬ ልመለስ። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ ሹመትና መብል አንድ ላይ የሚመጡ መስሏቸው ነበር፤ የዋሽንግተን ሰው ግን ሲሾም ጾሞ ሲሻር የሚበላበትን ጥበብ አግኝቷል። ሜሬዲት አትዌል ቤከር የኮሚሽኑ አባል ሆነው በ2011 መጀመሪያ የኬብል ኩባንያው የኮምካስትና የቴሌቪዥን ድርጅቱ የኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ውሕደት ይጽደቅ ብለው ድምፅ ሰጡ፤ በአራተኛው ወር ወደዚያው ኩባንያ መሄዳቸው ተነገረ፤ ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ሲቲአይኤን መሩ። እርሳቸውን በ2025 የተኩት አጂት ፓይ ናቸው፣ ኮሚሽኑን ከ2017 እስከ 2021 የመሩት። ሕግ ተጣሰ ያለ የለም፤ እኔም አልልም። የእኔ ሥራ ቁልፍ መቀበል ስለሆነ፣ ያው መኪና በተለየ የመግቢያ ካርድ ሲመጣ ካርዱን አይቼ አሳልፋለሁ እንጂ ሾፌሩን አልጠይቅም።

ከዚህ ወግ የወጡ አንድ ሰው ቢኖሩ ቶም ዊለር ናቸው። ከ1992 እስከ 2004 ሲቲአይኤን መርተው፣ በ2013 የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሲሆኑ ኢንዱስትሪው የቤት ልጅ ተሾመልኝ ብሎ ሳይደሰት አልቀረም። እርሳቸው ግን በፌብሩዋሪ 2015 የኢንተርኔት ኩባንያዎች የአንዱን መረጃ ከሌላው እንዳያበላልጡ የሚያስገድደውን ጥብቅ ደንብ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ አጸደቁ፣ የቀድሞ ማኅበራቸውም ከከሳሾቹ አንዱ ሆነ። ያጠባውን ጡት የሚነክስ ልጅ ይሉሃል ይህ ነው።

ደንቡ በ2017 ሲሻር የሕዝብ አስተያየት ተጠይቆ 22 ሚሊዮን ያህል መልስ መጣ። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2021 ባወጡት ሪፖርት ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው ሐሰተኛ ነበር። ከዚህ ውስጥ 8.5 ሚሊዮኑ ትላልቅ የብሮድባንድ ኩባንያዎች ገንዘብ ከከፈሉበት ዘመቻ የመጣ ነው፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ማጭበርበሩን ያውቁ ነበር የሚል ማስረጃ ግን አልተገኘም። (በሌላው ወገን አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ብቻውን 7.7 ሚሊዮን ሐሰተኛ አስተያየት አስገብቷል፤ ትጋት የአንድ ወገን ብቻ አይደለም።) በስማቸው አስተያየት ከተሰጠባቸው መካከል በሕይወት የሌሉ ሰዎች ነበሩበት። ሙታን ሳይቀሩ በገዛ ፈቃዳቸው ለኢንተርኔት ፖሊሲ ሲሰለፉ ያየ ትውልድ ከእኛ በፊት አልነበረም። ደንቡ በተሻረ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2018 ክረምት፣ የሰደድ እሳት ሲያጠፉ የነበሩ የሳንታ ክላራ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያልተገደበ የተባለው የቬራይዘን ጥቅላቸው ፍጥነቱ ከሁለት መቶ ወደ አንድ እጅ ወርዶባቸው በጣም ውድ የሆነ ጥቅል ግዙ ተባሉ። ኩባንያው በኋላ የደንበኛ አገልግሎት ስሕተት ነው፣ ከተሻረው ደንብ ጋር አይገናኝም ብሏል። ያልተገደበው እሳቱ ነበር።

እኔም ከእነዚህ ሊቃውንት ይህን ያህል ዓመት ተምሬ በባዶ እጄ መቅረት ስለሌለብኝ፣ ባለፈው ወር መኪናዬን ባልተፈቀደ ቦታ አቁሜ ስቀጣ ዝም ብዬ አልከፈልሁም። ለቅጣት መሥሪያ ቤቱ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። ቅጣት ፈጠራን እንደሚያቀጭጭ፣ የቁጥጥሩ ወረቀት በእኔ ላይ ከባድ ሸክም እንደሆነ፣ የቅጣቴ መጠን ለሕዝብ ቢገለጥ ጎረቤቶቼን እንደሚያሳስት ካስረዳሁ በኋላ፣ በአምስት ቃል ኪዳኖች የታነጸ በገዛ ፈቃድ የማቆም ማዕቀፍ አያይዤ ላክሁ። ሦስተኛው ቃል ኪዳን ከእሳት አደጋ ቧንቧ አጠገብ ባቆም እንኳ ለመጸጸት የምገባውን ግዴታ ይመለከታል። መልሳቸው በፖስታ መጣ፤ ስለ ማዕቀፉ ምንም አይልም። ቅጣቱ እጥፍ ሆኗል፤ ከሥሩ ደግሞ በስልክ መክፈል እንደምችልና የኩባንያዬ የዳታ ክፍያ ሊታከልበት እንደሚችል ተጽፏል።